ቦታውን በክረምት እዩት

ሱሉልታ ዳር ስድስት ቤተሰብ ሆነን በአንድ ግቢ የጭቃ ቤት ስንሠራ ግንበኛው እኔ ነበርኩ። እንደኛ ተሰባስባችሁ አነስ ያለች መንደር ለመሥራት ካሰባችሁ መጀመሪያ የምለምናችሁ፣ ቦታውን በሐምሌና በነሐሴ ሳታዩ አትወስኑ። በጥር ሁሉም መሬት ቆንጆ ነው። በክረምት ግን ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚተኛ ራሱ ያሳያችኋል።

ወረቀቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በስምምነት ወረቀት ብቻ የተያዘ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ፤ እናትየዋ ምጣዷን አቅፋ መንገድ ዳር ተቀምጣ ነበር። ይዞታውና የግንባታ ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ አንድ ድንጋይ እንዳታራግፉ።

የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ይበዛዋል። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያ ቤቴን እዚህ አፈር ላይ ግማሽ ሜትር ብቻ ቆፍሬ አቆምኩት። በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቱ ሥር ሰያፍ ስንጥቅ ወጣ፣ በሦስተኛው በሩ አልዘጋ አለ። ስለዚህ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ጥቁሩን አውጡ፤ ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ የሙሌት አፈር በስሱ እየሞላችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁ ጠቅጥቁ። የድንጋይ መሠረቱን ከመሬት በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ግድግዳን ከሥሩ የሚበላው መሬት መትቶ የሚፈናጠረው ዝናብ ነው። የባሕር ዛፉን ቋሚ ልጡን ልጣችሁ አድርቁት፤ አፈር ውስጥ አትቅበሩት፣ ድንጋዩ ላይ በብረት እሰሩት።

አሁን ወደ ጭቃው። ቀይ አፈር ከማስጫናችሁ በፊት በሃይላንድ ሲሶ ያህል ሞልታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ በጥብጡና አሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይተኛል። ሸክላው ከግማሽ ካለፈ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ጨምሩበት። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ የጤፍ ጭድ እየበተናችሁ በእግር እርገጡት። እኛ ጋ ጎረቤት የሆኑ አዛውንት በሦስተኛው ቀን ለመምረግ ስንጣደፍ አይተው «ልጄ፣ ቡሆ ሳይቦካ ይጋገራል?» አሉኝ። ሸፍነን፣ በየሦስት ቀኑ እየገለበጥን እየረገጥን ሁለት ሳምንት ቆየን። ሲደርስ ያስታውቃል፤ ይሸታል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጭዱ በጣት ሲጎተት ይበጠሳል፣ ጭቃውም እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይሳባል። ከዚያ በፊት የተመረገ ግድግዳ ቶሎ ይረግፋል።

የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ቢሰነጠቅ አትደንግጡ፤ ሁለተኛው የሚይዘው ያንን ስንጥቅ ነው። የመጨረሻውን ልስን በወንፊት ከተነፋ አፈርና ከእበት አዘጋጁት፤ ሲደርቅ ኖራ ቀቡት። በሲሚንቶ እንልሰነው የሚላችሁን እባካችሁ አትስሙ። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጭቃውም ጋር አብሮ ስለማይሄድ እንደ ቅርፊት ተላጦ ይወርዳል። ሥራውን በጥቅምት ጀምሩ፤ ግድግዳው በጋውን ሙሉ ይደርቃል።

የቆርቆሮውን ክፈፍ 70 ሳንቲ ሜትር አስወጡት፤ ከግድግዳው ዝናብ ያርቃል። አሸንዳም ግጠሙለት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። በእኛ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ ባለ 50 ካሬ ሜትር ጣራ 50,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ቢቀነስ እንኳ ብዙ ነው። እኛ ለሁለት ቤት አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ አቆምን። የወቅቱን የመጀመሪያ ዝናብ አፍስሱት፤ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል።

የስድስቱንም ቤት መሠረት አንድ ላይ አውጡ፤ ገረጋንቲውም ድንጋዩም አንዴ ተጭኖ ይመጣል። ጭቃ መርገጡን ደግሞ በደቦ አድርጉት። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ረገጥን፤ ተረኛው ቤት ንፍሮና ቡና ያቀርብ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ጆንያ ቀይ አፈርና አንድ ጆንያ ጭድ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። መስከረም ሲጠባ ግድግዳውን ዞራችሁ እዩ፤ የተላጠ ካለ በዚያው አፈር አቡክታችሁ ምረጉት።