አልማዝ ባለጭራ መልኩን ቀይሮ ሲመጣ እንዴት ይለያል?

ባሕር ዳር ውስጥ ፊቱ ላይ ችፍ ያለበት ሰው ሁሉ "ምች መታኝ" ይላል። ዳማ ከሴውን ታሽቶ ይጠብቃል። አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ግን መጠበቅ ይጎዳል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

በሽታውን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ የሚያወጣው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ቢድንም ቫይረሱ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም በአንድ ነርቭ መስመር ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጎኑን ይዩ። በግራ ወይም በቀኝ ብቻ ተደርድሮ የሰውነትን መሐል መስመር ካላለፈ አልማዝ ባለጭራን ይጠርጥሩ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ውሃ የቋጠሩትን ይፈልጉ።

ቀጥሎ ሕመሙን ያዳምጡ። ሽፍታው ከመውጣቱ ከቀናት በፊት ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፍ የዋለ ሰው የትከሻ ድካም ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ወገብ ላይ ሲሆን ኩላሊት ይመስላል። አንዳንዱ ላይ ሽፍታው ጭራሽ አይወጣም። የደረት ሕመም ከሆነ ግን በግምት አይወስኑ፤ ልብ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይታዩ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ዓይን ነው። ግንባር ወይም የዓይን ቆብ ላይ ከወጣ፣ በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከታየ፣ ዓይን ውስጥ የመግባት ዕድሉ ትልቅ ነው። ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል። ዓይኑ ባይቀላም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች እዚሁ ከተማው ውስጥ ናቸው። ጆሮ ላይ ወጥቶ ፊት ከተጣመመ ወይም መስማት ከቀነሰም እንዲሁ አይዘገይም።

መላ ሰውነት ላይ ከተበተነ፣ ከተደጋገመ ወይም ወጣት ላይ ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ያድርጉ። ይህ ማንንም ማሳፈር የለበትም። ቶሎ ማወቅ ዕድሜ ይሰጣል።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠበሉን መተው የለበትም፤ መድኃኒቱንም ጎን ለጎን ይውሰድ። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ጉድፍ ይዟቸው ከማያውቅ ነፍሰ ጡሮችና ከጨቅላ ሕፃናት ይራቁ። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ሕመሙ የጀመረበትንና ሽፍታው የወጣበትን ቀን ለየብቻ ይንገሩ።