መኪና ሲሞቅ፦ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ከመውረዱ በፊት የራዲያተሯ ክዳን ይታይ

ይሄ ያረጀ ቶዮታ ለምትነዱ ነው። ዲኤክስ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ80ዎቹና የ90ዎቹ ኮሮላ፣ እነሱን የመሰለ ነገር። በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያለችንን እያስታመምን መኖር ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ኮሮላዬን 14 ዓመት በራሴ እጅ ስጠግን ኖሬያለሁ። የሰፈር ሰውም መኪናው ስትሞቅበት የኔን በር ነው የሚያንኳኳው። ውሃ መኖሩን፣ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) አለመበጠሱን፣ ፊውዙ አለመቃጠሉን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ትራፊክ ላይ ትሞቃለች፣ መንገድ ሲለቀቅ ትበርዳለች

ፋኑ ነው። ስትሄዱ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል። መገናኛ ላይ ተገትራችሁ ስትቆሙ ግን ከፋኑ ሌላ የሚያበርድ የለም።

ፋናቸው በኤሌክትሪክ በሚዞር የድሮ ኮሮላዎች ላይ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩን አጥፉና ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ። ከዚያ የፋኑን የሙቀት ስዊች ሶኬት ንቀሉ። ስዊቹ ራዲያተሩ ታች ወይም ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋው ቫልቭ) አካባቢ ነው ያለው። ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ ፋኑም ሪሌውም (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ) ደህና ናቸው፤ የሞተው ስዊቹ ነው። ካልዞረ ሪሌውን በሌላ ሞክሩ፣ ቀጥሎ ፋኑን ከባትሪ በቀጥታ አገናኙት። እጃችሁን አርቁ፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነሳው።

ከተማ ውስጥ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ ትሞቃለች

ራዲያተሩ ተደፍኗል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ ይጋለጣል። ለዓመታት የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ውስጡ ደለልና ዝገት ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፊቱን በጥንቃቄ ዳብሱት። ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ውሃ አያልፍበትም ማለት ነው። ራዲያተር ሰሪ ጋ ይወረድና ይጠረግ፣ ካልሆነም ይቀየር። የታችኛውንም ቱቦ እዩ፤ ያረጀ ከሆነ ጋዝ ሲሰጥ ፓምፑ ስቦ ያጣብቀዋል።

በርበሬ ገብቶበት የመጣ ራዲያተር አጋጥሞኛል። "ቀዳዳ ይደፍናል" ብለውት ነው። እውነትም ደፍኗል፣ ሁሉንም።

ውሃ ይጎድላል፣ የሚያፈስበት ቦታ ግን አይታይም

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። ወደኔ ከሚመጡት ሞቃት መኪኖች አብዛኞቹ እዚህ ናቸው። ታሪካቸውም አንድ ነው፦ "ጠዋት ሞልቼ እወጣለሁ፣ ማታ አንድ ሃይላንድ ውሃ ትጠጣለች። መሬት ላይ ጠብታ የለም። መካኒኩ ቴስታታ ጋርኒሲዮን ነው አለኝ።" በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሀል ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው።

ክዳኑን እዩ። የራዲያተሩን ክዳን።

ጡረታ የወጡ የሰፈራችን አባት አሉ፣ ነጭ ኮሮላ የሚነዱ። አንድ ቅዳሜ መጡና "ልጄ፣ ይቺ መኪና ሁለት ጊዜ ቴስታታዋ ወርዶ ጋርኒሲዮን ተቀየረላት፤ ይኸው ደግሞ ጀመራት" አሉኝ። "ጋሼ፣ ክዳኑን ማን አየው?" አልኳቸው። "የቱን ክዳን?" አሉ። ሲበርድ ከፈትነው። ጎሚኒው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል፣ ግማሹ የለም። ሁለት ጊዜ ሞተር የፈታው ሰው ሁለቴም ያንኑ ክዳን መልሶ ገጥሞታል። ጋርኒሲዮኑ እርግጥ ተቃጥሎ ነበር፣ አልዋሸም። ያቃጠለው ግን ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ 90ም አይሞላም። ባቄላ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። አሁን የድሮ ኮሮላን ቁጥሮች እዩ። ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው በ82 ነው። ፋኑ የሚነሳው 93 ገደማ ሲደርስ ነው። አያችሁት? ተራ ውሃ ከሆነ ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል!

የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር አለ። 0.9 የሚለው ደህና ከሆነ ውሃው እዚህ ከፍታ ላይ 110ን አልፎም አይፈላም። ግፊት መያዝ ካቃተው ግን ራዲያተራችሁ ክዳን የሌለው ጀበና ሆነ ማለት ነው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ከራዲያተሩ አንገት ወደ ፕላስቲኩ የትርፍ ውሃ እቃ በምትሄደው ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ ለዚህ ነው መሬት ላይ ጠብታ የማታዩት። ባህር ዳርቻ ያለ ሰው በደከመ ክዳን ጥቂት ጊዜ ሊያዘግም ይችላል። እኛ አንችልም።

እንዴት ይታወቃል?

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ክፈቱና የላይኛውን ወፍራም ቱቦ እዩ። ተጨምድዶ ጠፍጣፋ ከሆነ የክዳኑ ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች። ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ ሲሞቅ ትርፉን ያስወጣል። መሀል ያለችው ትንሿ ሲበርድ ውሃውን ከፕላስቲክ እቃው መልሳ ታስገባለች። እሷ ከተጣበቀች ውሃው ወጥቶ ይቀራል። ፕላስቲኩ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ራዲያተሩ ጎድሎ ያድራል። የሚገርመው ብዙ ሰው ፕላስቲኩን ብቻ አይቶ "ሙሉ ነው" ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አሙቁትና ያንኑ ቱቦ በጨርቅ ጨበጥ አድርጉት። ጠንከር ማለት አለበት። እንደ ባዶ ፌስታል ከለሰለሰ ግፊት የለም።

ከዚያ ሲበርድ፣ ደግሜ እላለሁ ሲበርድ፣ ክዳኑን ክፈቱ። ጎሚኒውን በጣት እዩት፤ መለስለስ አለበት። ትንሿን ቫልቭ በጥፍር ሳብ አድርጉ፤ ስትለቀቅ ወዲያው መመለስ አለባት። የራዲያተሩን አንገት ውስጡን ጥረጉ፤ ዝገት ካለበት አዲስ ክዳንም አይዘጋም። ቀጭኗን ቱቦ አትርሱ። ከተሰነጠቀች ወይም ጫፏ ከውሃው በላይ ከቀረ አየር ነው የምትመልሰው።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ ክዳን እንዳትከፍቱ። በጨርቅም፣ በጋቢም፣ "ትንሽ ላላ ላድርገው" ብላችሁም። እኔ አንዴ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ቸኩዬ በፎጣ ይዤ ከፈትኩት። ክዳኑ ፎጣውን ይዞ ሄደ። ግራ ክንዴ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ያኔ ያስቸኮለኝ ምን እንደነበር ግን ረስቼዋለሁ።

አዲስ ክዳን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ትልቅና ትንሽ መጠን አለው። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የውስጡ ቁመትም መግጠም አለበት። አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል ነው" ብሎ በሚያምር ካርቶን የሸጠኝ ክዳን ከአሮጌው ጎን ሳቆመው ሦስት ሚሊ ያጥር ነበር። ይዞራል፣ ቀጭ ይላል፣ ግን ታች አይደርስም። ጌጥ ነው። ሌላው ስህተት "ጠንካራው ይሻላል" ብሎ 1.3 መግጠም ነው። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ራስ ጎኑን ሰንጥቆ ለቀቀው። 0.9 ከነበረ 0.9 ግጠሙ።

የሙቀት መርፌው ከነጭራሹ አይነሳም፣ ነዳጅም ትበላለች

አንዱ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል። "አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም" የሚሉ አሉ። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባን አላዩም መሰለኝ። ሞተር ካልሞቀ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በ82ቱ መልሱት። ደህንነቱን በድስት ውሃ አፍልታችሁ እዩ፤ ሲሞቅ ካልተከፈተ ይጣል።

ገና ስትነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይፍለቀለቃል፣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል

አሁን ቴስታታ ነው። አትንዷት። ሲወርድ ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣመሙ ይለካ። ሲመለስ አዲስ ክዳን ግዙ።

ጥቃቅኖቹ

የመኪናዋ ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ካለና ምንጣፉ ከረጠበ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ከውሃ ፓምፑ ሆድ ስር ጠብታ ካለ ፓምፑን ቀይሩ፣ ማሸጊያ አትለጥፉበት። መርፌው ቀይ ገብቶ ቱቦው ለብ ያለ ብቻ ከሆነ የሚዋሸው ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ አለመጉደሉን ግን ሲበርድ አረጋግጡ።

አሞላል

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ አድርጉ። መፍያ ነጥቡንም ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርግላችኋል። ቀለሙን አትመኑ፤ ቀለም የተነከረ ውሃም ይሸጣል። ለባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ስትገዙ የባትሪ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ። የፈሰሰ ኩላንት ደጅ አትተዉ። ይጣፍጣል፣ ውሻ ይልሰዋል፣ ይሞታል።

አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁሟት። ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ፣ ጋዝ ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ዩቲዩብ ላይ "ፋኑ እስኪነሳ ክዳኑን ክፍት ተዉት" ይላሉ። እነሱ ቆላ ናቸው። እዚህ ተራ ውሃ ከሆነ ፋኑ ሳይነሳ ፈልቶ ይተፋባችኋል። የታችኛው ቱቦ ሞቅ ማለት ሲጀምር ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ያን ጊዜ እስከ አፉ ሙሉና ዝጉ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ ከሆነ ወይም መርፌው ወጣ ገባ የሚል ከሆነ አየር አልወጣም። ስትበርድ ድገሙት። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ትንሽ መጉደሉ ያለ ነው፣ ጨምሩ። በሦስተኛውም ቀን ከጎደለ እንደገና ወደ ክዳኑ ተመለሱ።