ሴከንድ ላይፍ ላይ ቤት ልትሠሩ ነው? መሬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን ቁጠሩት

ሴከንድ ላይፍ (በኢንተርኔት የሚገባበት ምናባዊ ዓለም) ላይ መሬት ልይዝ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ካሬ ይበቃኛል?" ብሎ ነው። ይገባኛል፣ እኛ አገር ቦታ ማለት ካሬ ነው፣ 105 ሲባል 175 ሲባል ምን ዓይነት ቤት እንደሚወጣው ሁሉም ሰው ወዲያው በጭንቅላቱ ይስላል። እዛ ግን ካሬው ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፣ እኔም የመጀመሪያ መሬቴን በካሬው ተማርኬ ተከራይቼ ቤቱ ገብቶ ሶፋው ሳይገባ ቀርቶብኛል፣ ስለዚ ይሄን በደንብ ላስረዳችሁ።

ዓለሙ በሪጅን የተከፋፈለ ነው፣ አንዱ ሪጅን 256 ሜትር በ256 ሜትር ማለትም 65,536 ካሬ ነው። እያንዳንዱ ሪጅን የሚሸከመው የዕቃ መጠን ገደብ አለው፣ ይሄ ላንድ ኢምፓክት ይባላል። ቤቱም ወንበሩም ዛፉም ምንጣፉም የየራሱ ቁጥር አለው፣ እናንተም ከሪጅኑ በያዛችሁት ካሬ ልክ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ፣ ድርሻው ሲያልቅ ሜዳው ባዶ ቢሆንም አንዲት ወንበር መጨመር አትችሉም። (ልብስና ፀጉር፣ አቫታሩ ማለትም እዛ እናንተን የሚወክለው ሰው የለበሰው ነገር በሙሉ፣ አይቆጠርም።)

ዋናው ነገር ግን ድርሻው እንደ ሪጅኑ ዓይነት ይለያያል። 1024 ካሬ እንውሰድ። ሜይንላንድ ማለትም የሴከንድ ላይፍ ባለቤት የሆነው ኩባንያ፣ የሊንደን ላብ፣ የራሱ አህጉር ላይ ከሆነ 351 ላንድ ኢምፓክት ታገኛላችሁ። መደበኛ የግል ሪጅን ላይ ከሆነ ሙሉ ሪጅኑ የሚይዘው 20,000 ስለሆነ ለናንተ የሚደርሳችሁ 312 ነው። ሆምስቴድ የሚባለው ላይ ከሆነ ግን ሪጅኑ በሙሉ 5,000 ብቻ ስለሆነ 78 ይደርሳችኋል፣ በቃ 78! አንድ ደህና ቤት ብቻውን ይጨርሰዋል። ካሬው ያው ነው፣ የሚያዩት ሳርም ያው ነው፣ ለዚህ ነው ርካሽና ሰፊ ኪራይ ስታዩ መጀመሪያ የሪጅኑን ዓይነት ጠይቁ የምለው። መሬቱ ላይ ቆማችሁ መሬቱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ አባውት ላንድ ውስጥ ኦብጀክትስ የሚለውን ብትከፍቱ ስንት እንደሚይዝና ስንት እንደተያዘ ቁጥሩ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ሻጩ ከሚነግራችሁ ይልቅ እሱን እመኑ።

እንግዲህ ከቤቱ ጀምራችሁ ወደ መሬቱ ሂዱ። እኔ የቡና ቤት ስሠራ ያደረኩትን ልንገራችሁ። ቤቱ ማርኬትፕሌስ (የሴከንድ ላይፍ ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ) ላይ ሲሸጥ ፉትፕሪንቱም ማለትም መሬት ላይ የሚይዘው ቦታ፣ ላንድ ኢምፓክቱም ተጽፏል፣ 18 በ24 ሜትር፣ 110። ከዛ የውስጥ ዕቃውን፣ በርጩማውን፣ ሶፋውን፣ መብራቱን፣ መጋረጃውን አንድ በአንድ ደመርኩ፣ 120 መጣ። ግቢው ዛፍና አጥር ምናምን 45። ድምሩ 275። ሜይንላንድ 1024 ላይ ካለኝ 351 ከአምስት አንዱን ለወደፊት ስቀንስ 280 ይቀራል፣ ስለዚ ገባ። የግል ሪጅን ላይ ከ312 ብቀንስ ግን 249 ነው የሚቀረኝ፣ አልገባም። ያችን አንድ አምስተኛ ባካችሁ አትንኳት፣ ለበዓል የሚጎዘጎዝ ነገር አለ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጨመር ወንበር አለ፣ መኪና ወይ ጀልባ ማውጣት አለ፣ ሁሉም ከዛው ነው የሚቆረጠው።

ትንንሽ ዕቃ ንቃችሁ እንዳታልፉ። ረከቦት ላይ 12 ስኒ ለየብቻ ብትደረድሩ እያንዳንዷ ቢያንስ 1 ትቆጠራለች፣ ከረከቦቱ ጋ 13 ሆነ። ግን ቀለል ያለ ሜሽ (ባለ ሦስት አውታር ሞዴል) ከሆኑና ሞዲፋይ ማለትም የመቀየር ፈቃድ ካላቸው አንድ ላይ ሊንክ ብታደርጓቸው ማለትም እንደ አንድ ዕቃ ብታያይዟቸው 7 አካባቢ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ሊንክ ውስጥ የአንዱ ዝቅተኛ ሂሳብ ግማሽ ነው። ሁሌ ግን አይሠራም፣ አንዳንዴ ሊንክ ስታደርጉ ጭራሽ ይዘላል፣ ቁጥሩን እያያችሁ ሞክሩ፣ ካልሆነ ፍቱት። ሜሽን እየለጠጡ ማሳደግም እንደዛው ነው፣ 1 የነበረች ተክል ሦስት እጥፍ ስታሳድጓት ቁጥሯ አብሮ ያድጋል።

አሁን ወደ ልኩ ስንመጣ። አቫታሩ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው ብላችሁ በእውነተኛ ቤት ልክ እንዳትሠሩ፣ ካሜራው ከኋላና ከላይ ስለሆነ የሚቆመው ክፍሉ ጠበብ ካለ ግድግዳና ጣሪያ እየገባ ያስቸግራል። 4 በ4 ክፍል እዛ ቁምሳጥን ነው የሚመስለው፣ እኔ ከ8 በ8 በታች አልሠራም፣ ጣሪያውንም ከ4 ሜትር በላይ አደርገዋለሁ። የመሬቱን ቅርጽም እዩ፣ 1024 ካሬ 32 በ32 ሊሆን ይችላል 16 በ64ም ሊሆን ይችላል፣ የኔ 18 በ24 ቤት ሁለተኛው ላይ በምንም ተዓምር አይቀመጥም። 512 ካሬ ደሞ ብዙ ጊዜ 16 በ32 ነው፣ ሜይንላንድ ላይ 175 ላንድ ኢምፓክት፣ ለአንድ ሰው ጎጆ ይበቃል፣ ሰው ለሚሰበሰብበት ቤት ግን አልመክርም። ከየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሜትር ተዉለት፣ ጣሪያና በረንዳ ጎረቤት መሬት ላይ ከወጣ ጠብ ነው። ተዳፋት ከሆነም ተጠንቀቁ፣ አብዛኛው ሜይንላንድ መሬቱን ከ4 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ማድረግ አይፈቅድም።

እይታ የምትወዱ ከሆነ ሰፊ መሬት ከመግዛት ይልቅ ከሊንደን ላብ መንገድ ወይ ውሃ አጠገብ ያለ ትንሽ መሬት ይሻላል ባይ ነኝ፣ እዛ ላይ ማንም አይሠራም፣ እይታችሁ በነጻ ይቆያል። ግቢ የማትፈልጉ ከሆነ ደሞ ስካይቦክስ (አየር ላይ የሚንሳፈፍ ቤት) ሠርታችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ እስከ 4096 ሜትር ከፍታ ድረስ ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ያኔ ትንሽ መሬትም ታች ሱቅ ላይ መኖሪያ ይሆናል፣ ላንድ ኢምፓክቱ ግን ያው ከአንድ ቋት ነው። ሌላ ጥሩ ነገር፣ አንድ ሪጅን ውስጥ ሁለት መሬት በአንድ ስም ካላችሁ ድርሻቸው ይደመራል፣ አንዷን ባዶ ጫካ አድርጋችሁ ቁጥሯን ለቤቱ መጠቀም ትችላላችሁ።

ክፍያው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ሜይንላንድ ላይ ከመግዣው ሌላ ወርኃዊ ክፍያ አለ፣ ፕሪሚየም ማለትም ከፋይ አባል 1024 ካሬ በአባልነቱ ውስጥ ተካቶለታል፣ ከዛ በላይ ግን በደረጃ ነው የሚዘለው፣ ስለዚ 1024ን በ16 ካሬ ብታልፉ እንኳ ቀጣዩን ደረጃ ትከፍላላችሁ። ጥቂት ካሬ ብቻ ከጎደላችሁ መሬቱን በግሩፕ (እዛው ውስጥ በምትመሠርቱት ቡድን) ስም ያዙት፣ ግሩፕ ለለገሳችሁት ካሬ 10 በመቶ ይጨምራል።

ካርድ ከመንካታችሁ በፊት ግን ሳንድቦክስ ሂዱ። ማንም ሰው ዕቃ እንዲያወጣ የተፈቀደ ሜዳ ነው፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ዕቃውን ራሱ ይመልስላችኋል። መሬቱ ላይ በምትይዙት ልክ 32 በ32 ጠፍጣፋ ፕሪም (እዛው የሚሠራ ቀላል ቅርጽ) ዘርግታችሁ ዴሞ ማለትም የሙከራ ቤቱን እላዩ ላይ አውጡት፣ በር ክፈቱ፣ ደረጃ ውጡ፣ ጓደኛ ጥሩና ሦስት አራት ሆናችሁ ሳሎኑ ውስጥ ዙሩ፣ እየተጋጫችሁ ከሆነ ቤቱ ትንሽ ነው፣ ጠርዙ ከፕሪሙ ካለፈ ደሞ መሬቱ።