ከምራቅ ጠብታ፦ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በአፉ ለመመገብ መድረሱን በዘረመል ምርመራ ማየት

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በአፉ እንዲመገብ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት አለበት። ቅንጅቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር ከ32ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መያዝ ይጀምራል፤ ሁሉም ግን እኩል አይደርስም። ሳይደርስ ጡጦ የተሰጠው ትን ይለዋል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል። የደረሰው ደግሞ ሳይታወቅለት በቱቦ እየተመገበ ሆስፒታል ይከርማል። በቦስተን ተፍትስ ሕክምና ማዕከል ዶ/ር ጂል ማሮን የመሩት ቡድን መልሱን ከምራቅ የፈለገው ለዚህ ነው።

የሚለካው ዘረመሎቹ በዚያ ሰዓት እየሠሩ መሆናቸውን የሚያሳየው አር ኤን ኤ ነው። የውርስ በሽታ ምርመራ አይደለም፤ ፈቃድ ሲጠየቅ ለወላጆች መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፣ አለዚያ «ዘረመል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ዋናው ዘረመል ኤንፒዋይ2አር ይባላል፤ ረሃብና ጥጋብን በመቆጣጠር ይሳተፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የቡድኑ ጥናት 63 ያለጊዜያቸው ከተወለዱና 13 ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱ ሕፃናት 116 ናሙና ተወስዶ፣ የዘረመሉ አር ኤን ኤ በምራቅ ውስጥ ሲገኝ ሕፃኑ በአፉ ለመመገብ ገና መሆኑን 95 በመቶ ተንብዮአል። ልብ በሉ፦ ሲገኝ «ገና» ነው፣ ሕፃኑ እየበሰለ ሲሄድ መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ የተበላሸ ናሙና ምንም ስለማያሳይ የደረሰ ሕፃን ይመስላል። የሥራው ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

ናሙናው ከመመገቢያው ሰዓት በፊት ይወሰድ። የእናት ጡት ወተት የራሷ ሴሎችና አር ኤን ኤ ስላለው አፍ ውስጥ ከቀረ የምናነበው የእናትየውን ሊሆን ይችላል። አፉ በእንገር የሚታበስ ሕፃን ከሆነ ናሙናው ከማበሱ ይቅደም። መርፌ የሌለው ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መግፊያውን አውጥታችሁ የኋላ አፉን ዝቅ ባለ ግፊት ከሚሠራ ሰክሽን (መምጠጫ) ቱቦ ጋር አገናኙ። ጫፉን በጉንጩ ውስጠኛ ክፍልና ከምላሱ ሥር ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። ወደ ጉሮሮ አትግቡ፤ ማቅለሽለሽ ብቻ ሳይሆን የልብ ምት መውረድም ያስከትላል። ሞኒተሩ ላይ ምቱ ከቀነሰ አቁሙ። ከ10 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም አንድ ትንሽ ጠብታ፣ ይበቃል።

ምራቅ አር ኤን ኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ስላሉት ጠብታው ሳይቆይ 200 ማይክሮ ሊትር የአር ኤን ኤ ማቆያ ፈሳሽ ወዳለበት ቲዩብ ይግባ። ሲሪንጁን በዚያው ፈሳሽ እጠቡት፤ አብዛኛው ምራቅ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በደንብ አናውጡና በ4 ዲግሪ አስቀምጡ። ቲዩቡ ላይ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ሰዓቱን፣ በመዝገቡ ላይ ደግሞ ፆታውን፣ የሳምንት ዕድሜውን፣ በዚያ ቀን በአፍና በቱቦ የወሰደውን መጠን፣ የመተንፈሻ ድጋፉን ጻፉ። ይህ ከሌለ ቁጥሩ ለማንም አይናገርም።

ላቦራቶሪ ውስጥ አር ኤን ኤው ሲጣራ ዲኤንኤ አጥፊ ኢንዛይም መዝለል አይቻልም። የኤንፒዋይ2አር ፕሮቲን የሚጻፍበት ክፍል ሳይቆራረጥ በአንድ ቦታ ስላለ ፕራይመር (የሚፈለገውን ዘረመል የሚይዘው አጭር ሰንሰለት) ብቻውን የተረፈውን ዲኤንኤ ለይቶ አይጥልም፤ የደረሰው ሕፃን «ገና» ተብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አር ኤን ኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት አንድ የመመርመሪያ ሳህን ጉድጓድ ይሠራ፤ እዚያ ምልክት ከታየ ውጤቱ ይጣል። በስፔክትሮፎቶሜትር (በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) የሚነበበውን የአር ኤን ኤ መጠንም ብዙ አትመኑት፦ ከምራቅ የሚወጣው አር ኤን ኤ ትልቅ ድርሻው የባክቴሪያ ነው።

የናሙናውን ጥራት የሚነግራችሁ እንደ ጂኤፒዲኤች እና ዋይደብሊውኤችኤዜድ ያሉ ማጣቀሻ (በሁሉም ሴል የሚሠሩ) ዘረመሎች በፒሲአር፣ ማለትም ዘረመልን አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ፣ መውጣታቸው ነው። እነሱ ወጥተው ኤንፒዋይ2አር ከጠፋ ውጤቱ «አልተገኘም» ይባላል። እነሱም ከጠፉ ወይም በጣም ዘግይተው ከወጡ «አልተገኘም» ተብሎ አይጻፍ፤ «ናሙናው አይነበብም» ተብሎ ሌላ ይወሰድ።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሥራ ኤኤምፒኬ፣ ፒኤልኤክስኤንኤ1፣ ኤንፒኤችፒ4 እና ዊንት3 ተጨምረው አምስት ሆነዋል፤ ከኃይል አጠቃቀም፣ ከማሽተት፣ ከማየትና ከፊት አፈጣጠር ጋር የተያያዙ ናቸው። ፆታና የሳምንት ዕድሜም በስሌቱ ይገባሉ። ይህም በአንድ ዘረመል ብቻ ከመወሰን ይሻላል፤ የሚራብ ሕፃን ሁሉ መዋጥ ይችላል ማለት አይደለምና።

ውጤቱ የነርሷን ዓይን አይተካም። «አልተገኘም» የተባለው ሕፃን ነቅቶ አፉን ካላንቀሳቀሰ፣ ወይም ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ ጡጦው ይቆይ። «ተገኝቷል» የተባለውም ከእናቱ ገላ ጋር መሆኑና ያለ ምግብ መጥባትን መለማመዱ አይከልከል፤ በአፍ የሚሰጠው መጠን ብቻ ይዘገያል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ናሙናው ይደገማል።