ለአዲስ አኳሪየም የትኛው ኮራል ይቅደም?

የጨው ውሃ አኳሪየም ለጀመራችሁ፦ አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች) ዜሮ ስለሆኑ ብቻ ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ለመግዛት አትሩጡ። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጨው መጠኑ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 አካባቢ፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ሳይዋዥቅ ይቆይ።

ለመጀመሪያ ዞአንቲድና ዲስኮሶማ (እንጉዳይ የሚመስለው) የተባሉት ለስላሳ ዓይነቶች ይሻላሉ። የድንጋይ አጽም ስለማይሠሩ ካልሲየም ብዙም አይፈጁም። ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር ናይትሬትም አይጎዳቸውም፤ እንዲያውም ናይትሬትና ፎስፌት ጭራሽ ሲጠፉ ይጫጫሉ። አክሮፖራ የተባለው አጽም ሠሪ ኮራል፣ ቀለሙ ምንም ቢያጓጓ፣ ቢያንስ ዓመት ይቆይላችሁ።

ግሪን ስታር ፖሊፕ የተባለው ኮራል በቀላሉ አይሞትም፤ ጣጣው መስፋፋቱ ነው። ከዋናው ድንጋይ ጋር ከነካካ ሐምራዊ ምንጣፉ ጎረቤቱን ሁሉ ይውጣል፤ አንዴ ከያዘ መፋቅም አይመልሰውም። አሸዋ ላይ ለብቻው በተቀመጠ ድንጋይ ላይ ይሁን። ዜኒያ የተባለው ኮራልም ያው ነው።

ስትገዙ ፖሊፑ (አበባ የሚመስለው የኮራሉ አካል) የተከፈተውን ምረጡ፤ ሥሩ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ያለበትን ተዉት። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ታች፣ አሸዋው አጠገብ አስቀምጡት፤ ከዚያ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። ከነጣ መብራቱ በዝቶበታል፣ አንገቱን አስረዝሞ ከተንጠራራ አንሶታል።

ዞአንቲድ ስትነኩ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ እንፋሎቱ ሆስፒታል ያስገባል።