ዱባይ አሸዋ ላይ ለምትወጡ የድሬ ሰዎች

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ስለምመላለስ ደንበኛውም ዘመዱም አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «ያ መኪናው አሸዋ ላይ የሚዘለው ነገር እንዴት ነው? እንሂድ ወይ?»

ሂዱ። ግን «እኛ የበረሃ ልጆች ነን፣ ምን እንዳንሆን ነው» እያላችሁ አትሂዱ። ሽንሌ በረሃ ነው፣ ግን እሾህና ድንጋይ ነው። የደቻቱ አሸዋ ደግሞ ሜዳ ነው። የዱባዩ አሸዋ ተራራ ነው። ሙቀቱን የድሬ ሰው ይችለዋል፤ የሚፈተነው ሆዳችሁና ወገባችሁ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ሰኔና ሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እኔ በነፃ ቢወስዱኝም አልሄድም። በብርዱ ወራት ደግሞ ሹራብ ያዙ። የድሬ ሰው «ሹራብ ያዝ» ሲባል ይስቃል። ጥር ላይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ስትሉ ታስታውሱኛላችሁ።

ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ጉዞውን የሚሸጥ ሞልቷል። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ዋጋው ምንን እንደሚጨምር ጠይቁ። በጣም የረከሰው አንዳንዴ በአውቶቡስ በረሃው ውስጥ እራት እስከሚበላበት ካምፕ ድረስ ብቻ የሚወስድ ነው፤ አሸዋው ላይ መነዳቱ ለብቻው ይከፈልበታል። መኪናው ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር? አሸዋው ላይ ስንት ደቂቃ ነው? ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ አንጀተ ብረት ነው። ቀዩን አሸዋ ከፈለጋችሁ ላህባብ የሚባለውን ቦታ ስም ጥሩላቸው። መዝለሉ ይቅርብኝ፣ እንስሳ ልይ ለሚል ደግሞ 225 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የተጠበቀ በረሃ አለ፤ የአዋሽ ፓርካችን ሳላ የቅርብ ዘመድ የሆነው ነጩ የዓረብ ሳላ እዚያ ይታያል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። 3፡00 ብለው ከጻፉላችሁ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ማለታቸው ነው። ዱባይ ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልካችሁ ራሱን ካላስተካከለ መኪናው ጥሏችሁ ይሄዳል።

ምሳ ቀለል ይበል። ብሪያኒ ጠግባችሁ አትግቡ፤ ቢያንስ ለጉዞው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጨርሱ። ሎሚና ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ነፍሰ ጡር፣ የዲስክ ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነ፣ ሕፃን የያዘ ሰው አሸዋው ላይ አይውጣ። እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ስትመዘገቡ ተናገሩ፤ በመንገድ ቀጥታ ካምፕ የሚያደርሱ አሉ።

አሸዋው አፋፍ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ይቆምና ጎማ ማስተንፈስ ይጀምራል። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ፣ ፉሽሽ እያደረገ። አትደንግጡ፣ መሆን ያለበት ይኸው ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ገደማ የነበረውን ከ20 በታች ያወርደዋል። ያኔ ጎማው ጠፍጠፍ ብሎ አሸዋውን በሰፊው ይረግጣል። ጢም ብሎ የተነፋ ጎማ ይቆፍራል፣ ይሰምጣል። እሱ ጎማ ላይ እያለ እናንተ ቀበቶውን ሞክሩ። ጣሪያው ስር የብረት ቱቦ መኖሩንም እዩ፤ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈልቃችሁ ነው። የማይሠራ ቀበቶ ካለ እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጡ።

ቶሎ የሚያጥወለውለው ሰው ጋቢና ይግባ። መጨረሻ ወንበር ለወጣቶች ተዉት። አክስቴ «አየር አገኛለሁ» ብላ ከኋላ ገባች። መኪናው ከጫፍ ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ ከፊት ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከዚያ በጎኑ ቁልቁል ይንሸራተታል። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ «አውርዱኝ! በእግሬ እመጣለሁ!» አለች። አቦ፣ ሾፌሩ አማርኛ የሰማ ይመስል ቀነሰ። እናንተ «ሽዋይ ሽዋይ» በሉት፣ በዓረብኛ «ቀስ በል» ነው፣ ይገባዋል። ስልካችሁን አትዩ፣ ሩቅ እዩ።

ካምፕ ስትደርሱ ግመል አለ። ግመል ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሩን ነው የሚያነሳው፤ ወደ ፊት ይወረውራችኋል። ወደ ኋላ ለጠጥ በሉና መያዣውን ያዙ፤ ሲንበረከክም እንደዚያው። እህቶቼ፣ ድሪያ ለብሳችሁ ከሆነ ከስር ሱሪ አድርጉ። ሂናም ይቀባሉ። ቀላ ያለውን እሺ በሉ፤ ጥቁር፣ ወዲያው የሚደርቅ ካመጡ እጃችሁን ሰብስቡ። የፀጉር ቀለም ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል፣ ቆዳ ያቃጥላል።

እራቱ ጥብሳ ጥብስ ነው፣ ሥጋው ሁሉ ሐላል ነው። የእስላም ሥጋ የማይበላም፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾምም ስትመዘገቡ «አትክልት ብቻ» በሉ፤ ሑሙስ፣ ሰላጣና ሩዝ አይጠፋም። በረመዳን ጭፈራው ሊቀር ስለሚችል ለጭፈራ የምትሄዱ ቀኑን እዩ።

ጫት የሚባል ነገር በሻንጣም በኪስም እንዳይገኝባችሁ። እዚያ አገር የሚያሳስር ዕፅ ነው። «ለምርቃና ትንሽ የአወዳይ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ እሱን ድሬ ተዉት።

ባለአራት ጎማ ሞተሩና ጭልፊት ክንድ ላይ አድርጎ ፎቶ መነሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል። ከመንካታችሁ በፊት ስንት ድርሃም እንደሆነ ጠይቁ። ለሞተሩ ደግሞ ሄልሜት ካልሰጧችሁ አትክፈሉ።