ገለባው ገና ተክል ነው፦ ከግብርና ተረፈ ምርት የግንባታ ዕቃ ስትሠሩ የማትደግሟቸው ስህተቶች

መጀመሪያ የሠራኋቸው ብሎኬቶች አልያዙም። ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ የሚቀረውን ባጋስ ከሲሚንቶ ጋር ለውሼ ሞልድ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። በማግስቱ ሳየው ጭቃ ነው። በሦስተኛው ቀን በአውራ ጣቴ ስጫነው ሰመጠ። ሲሚንቶው ያረጀ መስሎኝ ሌላ ከረጢት ከፈትኩ፣ ያው ሆነ። ሲሚንቶው ምንም አላጠፋም ነበር። ችግሩ አገዳው ውስጥ የቀረው ስኳር ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አበላሽቻለሁ፣ ሌሎች ያበላሹትንም አይቻለሁ። ስህተቱ ብዙ ይምሰል እንጂ ምንጩ አንድ ነው፤ ገለባን፣ ገለፈትን፣ አገዳን እንደ አሸዋ እንቆጥራቸዋለን። አሸዋ ባስቀመጡት ቦታ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ገለባ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ ምስጥ ይጠራል፣ ስኳር ይለቃል። ከማሳ ወጣ እንጂ ተክልነቱ አልለቀቀውም።

ሳያጥቡ ከሲሚንቶ ጋር መለወስ

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ስኳር ሲሚንቶ እንዳይይዝ ያደርጋል፣ ለዚህም ብዙ አያስፈልገውም። ከሲሚንቶው ክብደት 0.05 በመቶ ብቻ ቢገባ መያዣ ጊዜውን 4 ሰዓት ያህል ያዘገየዋል። ለ50 ኪሎ ከረጢት ስናሰላው 25 ግራም ነው፣ በእፍኝ እንኳን አይሞላም። ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ከደረሰ ደግሞ ሲሚንቶው ጭራሽ አይይዝም ማለት ይቻላል።

«እኔ የምጠቀመው አገዳ ሳይሆን የበቆሎ ግንድ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱም ቢሆን ስኳር አለው፣ ገለባም የእንጨት ፍቅፋቂም እንደዚያው። በዚያ ላይ የሲሚንቶ ውሃ ራሱ ኃይለኛ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ፣ እንደ ኖራ ውሃ የሚፋጅ) ስለሆነ ከተክሉ ውስጥ ተጨማሪ ስኳር መሰል ነገሮችን እየፈታ ያወጣል። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ማጥለል፣ ውሃው እስኪጠራ መድገም ነው። የኖራ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይረዳል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚጨምሩም አሉ፣ ያፋጥነዋል፤ ግን ብረት ያለበት ሥራ ላይ እንዳትሞክሩት፣ ብረቱን ያዝገዋል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ሙሉ ሥራ ከመጀመር በፊት አንድ ጣሳ ለውሶ ማሳደር ነው። በማግስቱ በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፍ ከሆነ ገና አልታጠበም ማለት ነው። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያንን ሁሉ ብሎኬት አልደፋም ነበር።

ሌላም የውሃ ጉዳይ አለ። ደረቅ ገለባ ድብልቅ ውስጥ ሲገባ ለሲሚንቶው የተለካውን ውሃ ቀድሞ ይጠጣዋል። ድብልቁ ይደርቅብናል፣ እኛም ውሃ እንጨምራለን፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ቀድማችሁ አርጥቡት፣ የላይ ላዩ ውሃ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ለውሱት።

አመድ ሁሉ አንድ ይመስል

የሩዝ ገለፈት አመድ የሲሚንቶን ቦታ በከፊል ይተካል ሲባል ሰምተን ሜዳ ላይ ከምረን እሳት እንለቅበታለን። አመዱ ይገኛል። የሚሠራ አመድ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

100 ኪሎ ገለፈት ሲቃጠል ወደ 20 ኪሎ አመድ ይተዋል። በደንብ ከተቃጠለ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊካ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። ቁም ነገሩ የሲሊካው ብዛት ብቻ አይደለም፣ የሲሊካው ጠባይ ነው። ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ሲቃጠል ሲሊካው ከኖራ ጋር ለመዋሃድ ዝግጁ ሆኖ ይቀራል፣ ጥንካሬ የሚሰጠውም ይህ ውህደት ነው። ሙቀቱ ከዚያ እየበለጠ ሲሄድና ሲቆይ ሲሊካው ወደ ክሪስታል ይለወጣል፣ ያኔ ከጥሩ አሸዋ የማይሻል ነገር ይዛችኋል። የባሰው ደግሞ ይመጣል፤ የክሪስታል ሲሊካ ብናኝ ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል። በሽታው ከያዘ በኋላ ሳንባው ወደ ቀድሞው አይመለስም። አመድ ስትነኩ ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ ጨርቅ አፍ ላይ መጠምጠም አይበቃም።

ክምር ውስጥ መሃሉ ይጋላል፣ ዳሩ ይታፈናል። ስለዚህ ከአንድ ክምር ሁለት ዓይነት ብልሽት ይወጣል፦ ከመጠን በላይ የተቃጠለና ያልተቃጠለ። ጥቁር ከሆነ ካርቦን ቀርቶበታል፣ ካርቦን ደግሞ ውሃ ጠጪ ነው። ነጭ ከሆነ ካርቦኑ ወጥቷል፤ ክሪስታል አለመሆኑን ግን ነጭነቱ አይነግራችሁም። ቀለም አይቶ «አሪፍ ነው» ማለት ግማሽ ምርመራ ነው፣ ሌላውን ግማሽ ላብራቶሪ ይሠራዋል።

መፍጨትም አይዘንጋ። የሩዝ ገለፈት አመድ በቀዳዳ የተሞላ ነው፣ ሳይፈጭ ከገባ እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይመጥጣል። በደንብ ተፈጭቶ ከሲሚንቶው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ቢተካ ደህና ነው። ግማሽ በግማሽ ማድረግ የሚያምራቸው አሉ፣ ይቅርባቸው።

«እጄ ሲነካው ደረቅ ነው»

ስለ እርጥበት ብዙ ላወራ ነው፣ ምክንያቱም ከተረፈ ምርት የተሠራ ግድግዳ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው እሱ ነው። እሳትም ምስጥም ከእሱ በኋላ ናቸው።

ግድግዳ የሚሠራበት የታመቀ የገለባ እስር እርጥበቱ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከሆነ ሻጋታ ምቹ ቤት አገኘ። እጅ የሚነካው የእስሩን ቆዳ ብቻ ነው፣ መሃሉ ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ረጅም መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ መሃል ድረስ ውጉት። ከሌላችሁ ከመሃሉ 100 ግራም ምዘዙ፣ 105 ዲግሪ አካባቢ ባለ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁና መዝኑት። 85 ግራም ከወጣ 15 ግራሙ ውሃ ነበር፣ ይሄ ያስኬዳል። 75 ከሆነ ግን መልሱት፣ ወይም ጣሪያ ሥር አቆዩት።

ድርቆሽንና ገለባን አንድ አድርጎ መግዛትም የተለመደ ነው። ድርቆሽ ቅጠልና ዘር አለው፣ ማለትም ምግብ ነው። ለከብት ምግብ የሆነ ለአይጥም ለሻጋታም ምግብ ነው። ለግድግዳ የሚሆነው እህሉ ተወቅቶ የቀረው ባዶ ግንድ ነው።

ከዚያ ልስን ይመጣል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቅን ልቦና ቤቱን ይገድላል። «ጠንካራ ይሁን» ብሎ ገለባውን በወፍራም ሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ልስን ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ግን በሌላው ገጽ ተንፍሶ መውጫ የለውም። ውጩ እያማረ ውስጡ ይበሰብሳል፣ የሚታወቀው ሲሸት ነው። የሸክላ አፈር ምርጊት ወይም የኖራ ልስን ግን እንፋሎት ያሳልፋል። ሲሰነጠቅ ይጠገናል፣ ሲረጥብ መልሶ ይደርቃል። ላዩ ላይ የሚቀባው ቀለምም እንደዚሁ የሚተነፍስ ይሁን። በጥሩ የኖራ ልስን ላይ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት የደከሙበትን ሁሉ ማፍረስ ነው።

ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቀመጥ፣ ክፍክፉ ደግሞ ረዘም ይበል። ዝናብ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን ከታች የሚረጨው ውሃ ከላይ ከሚዘንበው የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል፣ ይሄን የሚያስበው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ ይኖራል። በአሜሪካ ነብራስካ፣ እንጨት ብርቅ በሆነበት የአሸዋ ኮረብታ አካባቢ፣ ገለባ ማሰሪያ ማሽን ከመጣ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰዎች በገለባ እስር መገንባት ጀመሩ። አርተር በምትባል ትንሽ ከተማ በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በገለባ እስር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል።

እሳቱን በአጭሩ ልለፈው። የተበተነ ገለባ በክብሪት ይነዳል፣ ስለዚህ በግንባታ ጊዜ መሬት ላይ የተበተነውን በየቀኑ ጥረጉ፣ ብየዳና ሲጋራ አይጠጉት። ታምቆ የተለሰነ ግን አየር ስለማያገኝ ቀስ ብሎ ይከስላል። በ2007 በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ የሸክላ ልስን ያለው ግድግዳ 1 ሰዓት፣ የሲሚንቶና ኖራ ልስን ያለው 2 ሰዓት እሳት ተቋቁሟል። ልስን ከሌለው ግን ይህ ሁሉ አይሠራም።

ቀላል የሆነውን ሸክም ማሸከም

የሄምፕ (ለቃጫው የሚዘራ የካናቢስ ዓይነት ተክል) ግንድ ስባሪ በኖራ ተለውሶ የሚሠራው ግድግዳ ሙቀትና ቅዝቃዜ በመከላከል ጎበዝ ነው። የመጨመቅ ጥንካሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋ ፓስካል (በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ገደማ) እንኳን አይሞላም። ጣሪያ የሚሸከመው ውስጡ ያለው የእንጨት አጽም ነው፣ ድብልቁ አይደለም። ሙቀት የሚከላከለው በውስጡ ባለው አየር ነው፣ አየር ደግሞ ሸክም አይችልም። ይበልጥ ጠቅጥቀን ጠንካራ እናድርገው ካልን መከላከሉን እናጣዋለን። መጀመሪያ ወስኑ፦ የምትፈልጉት ብርድ ልብስ ነው ወይስ ምሰሶ? መድረቂያ ጊዜም ስጡት፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ቸኩሎ የለሰነ ውሃውን ውስጥ ዘጋበት።

የእንጉዳይ ሥር፣ ማለትም ማይሲሊየም፣ ገለባን አያይዞ የሚሠራው ጡብም እንዲሁ ነው። በ2014 ኒውዮርክ፣ ሞማ ፒኤስ1 በተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ሃይ ፋይ የተባለ ግንብ 10,000 ገደማ በሚሆኑ እንዲህ ዓይነት ጡቦች ተሠርቶ ነበር። ፎቶውን አይተው «ቤት እንሥራበት» የሚሉ አሉ። ያ ግንብ ለአንድ በጋ የቆመና ከዚያ የፈረሰ ነው፣ ሲታሰብም እንዲያ ነበር። ለጣሪያ ሥር መከላከያና ለማሸጊያ ግን ግሩም ነው፤ ገለባውን መጀመሪያ በሙቀት ካጸዳችሁት (ካልሆነ አረንጓዴ ሻጋታ ይቀድማችኋል) እና በመጨረሻ በሙቀት አድርቃችሁ እንጉዳዩን ከገደላችሁት።

ጭረት (ቃጫ) ሲበዛ ይጠነክራል የሚለው እምነት

ጭቃ ውስጥ ጭድ የምንጨምረው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ከልክ በላይ ሲገባ ግን ጭዱ ከጭዱ ጋር ይነካካል፣ መሃላቸው ጭቃ ያጣል፣ ጡቡ ተሰባሪ ይሆናል። ሲሚንቶ ውስጥ የገባ የተክል ጭረት ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ የሲሚንቶው አልካላይ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በ28 ቀን ስትፈትኑት ይለጠጣል፣ ያኮራል። እየረጠበ እየደረቀ ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ግን ጭረቱ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ከሲሚንቶው በከፊል በተፈጨ የሩዝ ገለፈት አመድ መተካት አልካላዩን ስለሚቀንስ ይረዳል። ሁለት ተረፈ ምርት የተረዳዱበት ነገር ስለሆነ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

«ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ማያያዣውን አለመጠየቅ

የገለባ ቦርድ ሲባል ሁሉም ስለ ገለባው ያወራል። ያያዘውስ ምንድን ነው? ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ሙጫ ከሆነ ቤት ውስጥ ፎርማልዴሃይድ እየለቀቀ ይኖራል፣ ይህን ጋዝ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መድቦታል። ደግሞ በደንብ አያያዝም፣ የገለባ ቆዳ ሰምና ሲሊካ ስላለው ሙጫው ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ኤምዲአይ የሚባለውን ሌላ ሙጫ የሚመርጡት። እሱ ፎርማልዴሃይድ የለውም፣ ግን እስኪደርቅ ድረስ ለመተንፈሻ አካል አደገኛ ስለሆነ ጓሮ ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ሲሚንቶም ላይ ያው ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ነው የሚመጣው። ገለባ ስላዳከመው ብሎኬት ሲሚንቶ የጨመረ ሰው ከተራው ብሎኬት የባሰ ነገር ሠርቶ «አረንጓዴ» ብሎ ይለጥፍበታል። ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ስንት ኪሎ ሲሚንቶ እንደገባ ቁጠሩ፣ ከዚያ ስሙን አውጡለት።

«ቆሻሻ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። ገለባ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አፈር ሸፍኖ እርጥበት የሚይዝ ነው። ከገበሬው ስትወስዱ ከአንዱ ላይ እየወሰዳችሁ ነው። ከሩቅም አታምጡ፣ የተበተነ የሩዝ ገለፈት 1 ሜትር ኩቡ 100 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። መኪናው ገለፈት ሳይሆን አየር ነው የሚያመላልሰው።

ደረቁን ብቻ መፈተን

ብዙ ሰው የሚፈትነው አንድ ብሎኬት ነው፣ እሱንም በጣም ያማረውን መርጦ። ከተለያየ ቀን ምርት ቢያንስ አምስት ስድስት ውሰዱ። ግማሾቹን ደረቅ እንዳሉ ጨምቁ፣ ግማሾቹን 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ። ከመዘፍዘፍ በፊትና በኋላ መዝኑ፣ ቁመታቸውንም ለኩ፣ ምክንያቱም ተክል ያለበት ነገር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲያብጥ ደግሞ ልስኑን ይገፋል። እርጥቡ ከደረቁ በግማሽ ከደከመ ያ ብሎኬት ለውስጥ ክፍልፋይ እንጂ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም። ከዚያ ሳትጨምቁ ያቆያችኋቸውን ሌሎች ዘፍዝፉ፣ አድርቃችሁ እንደገና ዘፍዝፉ፣ ይህን ደጋግሙት። የእኔ ሁለተኛ ዙር ብሎኬቶች፣ ታጥበው በደንብ የያዙት፣ ጠርዛቸው መርገፍ የጀመረው በአራተኛው ዝፍዘፋ ላይ ነበር። አሁን የመሣሪያ ማስቀመጫ ክፍል ከፍለውልኛል፣ ጣሪያ ሥር።